አውሮፕላኑ በደጃችን ያለፈ ዕለት

«ወደ አሶሳ የምናደርገው በረራ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይፈጃል» አለ አብራሪው፣ እንቅልፍ ገና ያለቀቀው በሚመስል ድምፅ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ስልኩን አጠፋና ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ግን ሳቄ መጣ። ሃምሳ ደቂቃ ሲባል በሰማሁ ቁጥር አያቴ ትዝ ይሉኛል። እሳቸው ደግሞ ብቻቸውን መጥተው አያውቁም፤ ነጩን አምባላይ ፈረሳቸውን፣ አንድ ጥቅል አቡጀዲና የአጎቴን ቆርቆሮ አስከትለው ነው የሚመጡት።

የመስኮቱን ወንበር የያዝኩት ሆን ብዬ ነው፤ ያውም በግራ በኩል። ከባሕር ዳር ወደ አሶሳ ስትበሩ ዳንግላ የምትታየው በግራ ነው፤ ከአሶሳ ስትመለሱ በቀኝ። ይህን ከእኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣ። አንድ ሙሉ መንደር ሥራ ያስፈታሁበት ዕውቀት ነው።

ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ከዳንግላ ወጣ ብሎ፣ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከሰፊ የግጦሽ መስክ ፊት ለፊት ነበር። በግቢው ውስጥ አያቴ፣ ወላጆቼና ገና ቤት ሊሠራ ቆርቆሮ ገዝቶ የደረደረው አጎቴ እንኖር ነበር። አንዲት ሰው ብቻ ጎደለችን፤ አክስቴ፣ የአያቴ የመጨረሻ ልጅ። ነርስ ሆና አሶሳ ተመደበች፣ እዚያው አገባች፣ እዚያው ወልዳ ቀረች። መጀመሪያ መጀመሪያ በጫግኒ በኩል በአውቶቡስ አቧራ ለብሳ ትመጣ ነበር። ኋላ መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ይዘጋ ጀመር። መንገዱ ሲከፈት ልጅ ይታመምባታል፤ ልጁ ሲድን ፈቃድ ትከለከላለች። እንዲህ እንዲያ እያለ ስድስት ዓመት ሆነ።

አያቴ ከልጆቻቸው ሁሉ ፈረስ ያስተማሩት እሷን ነበር። አጎቴን ሞክረውት ነበር፤ «ይሄ ሲጫን እንጂ ሲጋልብ አያምርበትም» ብለው ተዉት። እሷ ግን በጥር፣ ፈረሰኞቹ በሚያከብሩት በዓል ቀን፣ ከወንዶቹ መሃል ገብታ ስትጋልብ ሰው ሁሉ የማን ልጅ ናት ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ አያቴም መልሱን ለመስጠት ቀድመው እዚያው ይቆሙ ነበር ይላሉ። እኔ ያንን አልደረስኩበትም። ስሰማው ግን ያየሁት ይመስለኛል።

ኅዳር ላይ ነው፤ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አክስቴ ደወለች። አጎቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን አያቴ ጉልበት ላይ አስቀመጠላቸው። ለስልጠና አዲስ አበባ ልትሄድ ነው። ቀጥታው በረራ ሞልቶባት በባሕር ዳር የሚዞረውን አገኘች። ባሕር ዳር ላይ ከአውሮፕላኑ አትወርድም፤ ተሳፋሪ ጭኖ ይቀጥላል። ስትመለስም ቀጥታ አሶሳ ነው፤ ልጆቿን ጎረቤት ዘንድ ነው የምትተዋቸው። ይህን ሁሉ አስረድታ ስታበቃ፣ «በእናንተ ላይ የማልፍ ይመስለኛል አባዬ» አለች።

ስልኩ ተዘጋ። አያቴ ፊታቸውን ወደ መስኩ አዞሩ።

«በደጄ አልፋ ሳትገባ ልትሄድ ነው?»

እኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዘመድ በዘመዱ ደጅ ሲያልፍ የቱንም ያህል ቢቸኩል አጥሩ ጋ ቆም ይላል፣ እንዴት ዋላችሁ ይላል። የቤቱ ሰውም ተቀምጦ አያሳልፈውም፤ ብድግ ይላል፣ ይወጣል፣ ጥቂት ይሸኘዋል። ዝም ብሎ የሚያልፍ የተቀየመ ነው፤ ተቀምጦ የሚያሳልፍም የተቀየመ ነው። በዚህ ምክንያት የተኮራረፉና ሽማግሌ የገባባቸው ሰዎች አውቃለሁ።

«አባባ፣ በሰማይ እኮ ነው የምታልፈው» አለ አጎቴ።

«ሰማዩስ የማን ደጅ ነው?»

አጎቴ ስልኩን ከጉልበታቸው ላይ አነሣና ወደ ቆርቆሮው ሄደ።

በማግስቱ ትምህርት ቤት፣ ሌላው ተማሪ ለዕረፍት ሲወጣ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ትልቁ ካርታ ጋ ሄጄ ማስመሪያዬን ዘረጋሁ። አንዱን ጫፍ ባሕር ዳር፣ ሌላውን አሶሳ ላይ አደረግሁ። ማስመሪያው ዳንግላ የሚለውን ጽሑፍ ሸፈነው። አውሮፕላኑ በአጠገባችን አይደለም፤ በእኛ ላይ ነው የሚያልፈው። መለኪያውን አሰላሁ፤ በአየር ሦስት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም። የበረራውን ጊዜ አክስቴ ነግራናለች፣ ሃምሳ ደቂቃ። እኛ ወደ ባሕር ዳሩ ጫፍ ስለምንጠጋ፣ ከአሶሳ ተነስታ አርባ ደቂቃ ሲሆናት አናታችን ላይ ትደርሳለች። እየሮጥኩ ቤት ገባሁና ለአያቴ በኩራት ዘረገፍኩላቸው።

አያቴ በጥሞና ሰሙኝ። «ከዚህ ዳንግላ ገበያ በጋሪ እስክንደርስ እሷ ከአሶሳ ባሕር ዳር ትገባለች በይኛ?»

«አዎ አባባ። ሃምሳ ደቂቃ ነው።»

«ሃምሳ ደቂቃ» አሉ። ከዚያ፣ «እንዲህ ቅርብ ከሆነ ስድስት ዓመት ምን አቆያት?» አሉ።

ተቆጥተው አልነበረም፤ ርቀቱ በእርግጥ ግራ ገብቷቸው ነው።

የአያቴ ዓይን በሞራ ከተሸፈነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሰውን በድምፁ፣ ቀኑን በፀሐይ ሙቀት ነበር የሚለዩት። ሐኪም ቤት ወስደን ይገፈፍልዎ ስንላቸው «ያየሁት ይበቃኛል» ይሉን ነበር። ጉልበታቸውም አስቸግሯቸው ስለነበር አጎቴ ፈረስ ላይ መውጣትን ከልክሏቸዋል። አምባላዩ ከእሳቸው ጋር አርጅቶ ግቢ ውስጥ ይውላል፤ እሳቸውም አንገቱን እያከኩ በአገውኛ ያወሩታል። አማርኛ አይሰማም ይሉ ነበር፤ ፈረሱ ግን የእኔን ስድብ በሁለቱም ቋንቋ ይሰማ ነበር።

በዚያ ምሽት እራት ላይ ቁርጣቸውን ተናገሩ።

«እኔ ባላያት እሷ ትየኝ። በፈረስ ላይ ሁኜ ትየኝ።»

«ቢወድቁስ አባባ?» አለ አጎቴ።

«ብወድቅ መሬት ላይ ነኝ። መስጋት ያለብህ ለእሷ ነው፣ ሰማይ ላይ ያለችው እሷ ነች።»

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። እኔ ከሰማይ ሰው ምን ያህል እንደሚያንስ እየተጨነቅሁ ነበር፤ ለእኔ ዋናው ነገር መታየት ነው። አጎቴ መጀመሪያ ሲያንገራግር ቆየና በመጨረሻ ቤት ሊሠራበት የገዛውን ቆርቆሮ ከሰማይ ሲታይ እንዲያብረቀርቅ አንድ በአንድ እየተሸከመ መስኩ ላይ ሊዘረጋው ተስማማ። «አንድ ፈረስ ቢረግጠው ግን…» እያለ ሳይጨርሰው ይተወዋል። የመንደሩ ፈረሰኞች ሲጠየቁ እንቢ ያለ አልነበረም። ልጅዎ በደጅዎ ስታልፍ ተነስተን አንቀበላትም ወይ አሉ፤ ነገሩ ለእነሱም እንደ አያቴ ነበር የታያቸው።

የበረራው ዕለት ማለዳ ከዳንግላ ደግሞ የአያቴ ወዳጅ፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ በጋሪ መጡ። እነዚህ ሰውዬና አያቴ በሕይወታቸው አንድ ቀን በደግ ቃል ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ሳይገናኙ የሚያልፍ ሳምንትም አልነበረም። ጋሪው ላይ አንድ ጥቅል ነጭ አቡጀዲ ተጭኗል።

«ዓይን የለህ፣ ጉልበት የለህ፣ አሁን ደግሞ ሰልፍ ትወጣለህ?» አሉ ነጋዴው።

«ጨርቅህን ዘርጋና ዝም በል።»

«ፈረስህ ቢያበላሽብኝ ከፍለህ ትወስደዋለህ፤ እወቀው» አሉና «ቢስሚላህ» ብለው ጥቅሉን ፈቱ። እኔ ስሟን በጨርቁ ልጽፍ አስቤ ነበር። አያቴ አልፈቀዱም። «ስሟን እሷም ታውቀዋለች። መንገድ አድርጊው፤ ወደ እኔ የሚያመጣ» አሉ። እኔና ነጋዴው አቡጀዲውን ከቆርቆሮው ጀምረን እስከ መስኩ መሃል ዘረጋነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ለአክስቴ «በቀኝ በኩል ተቀመጪ» የሚል መልእክት ልኬ ነበር። ኔትወርኩ ግን ጠፍቶ መድረሱን ሳላረጋግጥ ቀረሁ።

የዚያ ጠዋት ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ ጤዛ ያረፈበት ሣር፣ የፈረስ ላብ፣ የተቀባ ቆዳ፣ ከማዶ ከኑጉ ማሳ የሚመጣው ለስላሳ ነገር። ጉሙ ቀስ እያለ ተነሣና መስኩ በአንድ ጊዜ ወርቅ ሆነ። ቆርቆሮው አብረቀረቀ፤ ልጆቹ ሁሉ ዓይናቸውን ሸፈኑ። ፈረሶቹ ጋማቸው ተጎንጉኖ፣ ጥለታቸው ተንጠልጥሎ፣ ቃጭላቸው እየጮኸ ይቁነጠነጡ ነበር። አያቴን አጎቴና ሁለት ጎረምሶች ደግፈው ፈረሱ ላይ አወጧቸው። እርካቡን በእግራቸው ሲያገኙት ፊታቸው ላይ የመጣውን ነገር ምን ብዬ ልንገራችሁ፤ ከአቅሜ በላይ ደስ አለኝ። ወገባቸው ቀጥ አለ። አምባላዩም ጆሮውን አቆመ።

ድምፁ ካሰላሁት ሰዓት ቀድሞ፣ ሳይታሰብ መጣ። ከባሕር ዳር አቅጣጫ፣ እንደ ሩቅ ወፍጮ።

«መጣች» አለ አንዱ።

ያኔ የሆነውን አትጠይቁኝ። ፈረሰኞቹ ዙሪያውን መጋለብ ጀመሩ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ነጋዴው ሻሻቸውን ፈትተው አውለበለቡ፣ አጎቴ ቆርቆሮውን ረስቶ ዘለለ። ትንሿ አውሮፕላን ሁለት ክንፏን ዘርግታ፣ ፀሐይ ሆዷ ላይ እየበራ፣ ከአናታችን ትንሽ ዘወር ብላ አለፈችና ወደ ጫግኒ በኩል ጠፋች። ሁሉም ይስቃል፣ ይተቃቀፋል። እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ።

ከባሕር ዳር ነው የመጣችው። ወደ አሶሳ ነው የሄደችው። ገና ልታመጣት እየሄደች ነው።

ከዚያ ሁሉ ሒሳብ ውስጥ አውሮፕላኗ መጀመሪያ ሄዳ መምጣት እንዳለባት ለእኔም ለማንም ትዝ አላለንም። እንግዳ በደጅ ያልፋል ከተባለ የመጀመሪያው ያለፈ እንግዳው ነው፤ እኛ ያወቅነው ይህንን ብቻ ነበር። እየፈራሁ ወደ አያቴ ተጠጋሁና ነገርኳቸው። ፈረሰኞቹ ሰሙ። ፈረሶቹ አልቧቸዋል። ነጋዴው በሳቅ ጋሪያቸው ላይ ተደገፉ። አጎቴ የተረገጠ ቆርቆሮ እየፈለገ ነበር።

አያቴ ግን አልከፋቸውም። «እንግዲህ ሙሽራ ሊያመጡ የሚሄዱት ሚዜዎች ናቸዋ» አሉ። «ሚዜ ዝም ተብሎ ይሸኛል እንዴ? ደግ አደረጋችሁ።»

በዚህ ተፈረደ። ሚዜዎቹን ሸኝተናል፤ አሁን ሙሽራዋን እንጠብቃለን። እናቴ ለአክስቴ ብላ የጋገረችውን ትልቅ ዳቦ አመጣችና በአቡጀዲው ዳር ሣሩ ላይ ተቀምጠን በላን። የእንግዳ ዳቦ እንግዳው ሳይመጣ አይቆረስም ያለች አንዲት ሴት ነበረች፤ እንግዳዋ በልታው ቢሆን ከዚያ በላይ አይጣፍጥም ነበር። አያቴ ከፈረሱ አልወርድም ብለው ዳቦው እዚያው ተሰጣቸው፤ ግማሹን ለፈረሱ አካፈሉት። ነጋዴው አክስቴ በልጅነቷ ሱቃቸው መጥታ ቀይ ጨርቅ ለፈረስ ጥለት ብላ እንዴት እንዳስለቀሰቻቸው አወሩን። እንዲህ ዓይነት ሁለት ሰዓት ከዚያ በኋላ ደርሶኝ አያውቅም።

አሁን አየር ላይ ነን፤ መንገዱ አብዛኛው ደመና ነው። አስተናጋጇ ውኃ ትሰጣለች። ባሕር ዳርን ከለቀቅን ብዙም አልቆየን፤ ሆኖም አንገቴ ካሁኑ ወደ መስኮቱ ተጣሞ ቀርቷል።

ያን ቀንም ደመናው መጣ። ከጫግኒ በኩል እንደ በግ መንጋ እየተግተለተለ ወጣና ፀሐይዋን ያዛት። የቆርቆሮው ብልጭታ ጠፋ፤ መስኩ ግራጫ ሆነ። አያቴ ጉንጫቸው ላይ የነበረው ሙቀት ሲሄድ አወቁ።

«ደመና ነው?»

«ትንሽ ነው አባባ» አልኳቸው። ትንሽ አልነበረም።

«ፈረሶቹ ይዙሩ። እኔ መሃል እቆማለሁ። ሁሉም ከዞረ እሷ ማንን ትይ?»

ድምፁ ሲመጣ ከደመናው በላይ ነበር። ፈረሰኞቹ ጋለቡ፤ ክቡ ዞረ፤ አቡጀዲው በነፋስ ተነሥቶ ነጋዴው አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ረግጠን ያዝነው። አያቴ ከክቡ መሃል፣ ነጭ ፈረስ ላይ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ፊታቸውን ወደ ድምፁ ቀና አድርገው ቆሙ። በዚህ መሃል ደመናው በአንድ ቦታ ተቀደደና ቆርቆሮው አንድ ጊዜ ቦግ አለ። አውሮፕላኗን ግን አላየኋትም። ድምፁ ወደ ባሕር ዳር ራቀ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ። አያቴ ድምፁ ከጠፋም በኋላ ቀና እንዳሉ ቆዩ።

«አየችኝ?» አሉ።

እኔ ስልኬን ይዤ ኔትወርክ ወዳለበት፣ የመንገዱ ዳር ጉብታ ላይ ሮጥኩ። ቆምኩ። ሚኒባሶች ያልፋሉ፣ ጋሪዎች ያልፋሉ። በመጨረሻ ስልኬ ጮኸ። አክስቴ ነበረች፤ አውሮፕላኑ ባሕር ዳር ቆሞ ሰው እየተሳፈረ ነው። ትሥቅ ታልቅስ መለየት አልቻልኩም። እየሮጥኩ ስልኩን አያቴ ጆሮ ላይ ለጠፍኩት፤ ድምፁም ለሁሉም እንዲሰማ ከፈትኩት።

መልእክቴ ደርሷት ነበር፤ ወንበሩ ግን በግራ ነው የደረሳት። የቀኙን ወንበር የያዙ አንድ አዛውንት «ምን ልታዪ ነው?» ሲሏት «አባቴ ደጅ ልናልፍ ነው» አለቻቸው። ሰውዬው ቀበቷቸውን ፈትተው ብድግ አሉላት። ወሬው በወንበሮቹ ሁሉ ተላለፈና በግራ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ወደ ቀኝ አዘነበሉ። አስተናጋጇ እየሮጠች መጣች። ተቀመጡ፣ ቀበቶ እሰሩ አለች። አንድም የሰማት ሰው አልነበረም።

«ቆርቆሮ ዓይኔ ላይ በራብኝ አባዬ። ከዚያ ነጭ መንገድ አየሁ። ፈረሶቹ ሲዞሩ አየሁ፤ እንደ ጉንዳን። ከመሃላቸው አንድ የማይንቀሳቀስ ነጭ ነገር ነበር። አንተ ነህ አይደል?»

አያቴ የጋቢያቸውን ጫፍ ዳበሱ። «ነጩ ጋቢዬ ነው ወይስ ፈረሱ?»

«ሁለታችሁም።»

«እንግዲህ ዓይንሽ ደህና ነው» አሉ። «የኔን አልወረስሽም።» ከዚያ እንባቸው ወረደ፤ ሳይጠርጉትም ሳቁ። ከሥር የነበረው ሰው ሁሉ አብሯቸው ሳቀ። ነጋዴው ዞር ብለው አቡጀዲያቸውን መጠቅለል ጀመሩ፤ መሬት የነካው ጎኑ ጭቃ እንደያዘ ቢያዩም ክፈል አላሉም።

ከዚያ ቀን በኋላ አያቴ ዓይናቸውን አስገፈፉ። ማንም አልለመናቸውም። «በሚቀጥለው እኔም ልያት» ብለው ራሳቸው ተነሡ። በሚቀጥለው ዓመት አክስቴ ልጆቿን ይዛ በደጅ ሳይሆን በበር ገባች፤ አያቴም ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው አይተዋታል፤ አርጅተሻል ብለው ቀልደውባታል። ባለፈው ክረምት ነው ያረፉት። አምባላዩ ቀድሟቸው ሄዶ ነበር። የተቀበሩት ከመስኩ ማዶ ባለችው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው።

እኔ ደግሞ ተመርቄ ሥራ ደርሶኝ አሶሳ እየሄድኩ ነው፤ አክስቴ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ወጥታ ትጠብቀኛለች።

ደመናው ሳሳ። መንገዱ እንደ ቀጭን ገመድ ታየኝ፤ ከዚያ የዳንግላ ጣሪያዎች፤ ከዚያ መስኩ። እንዴት ያለ ትንሽ መስክ ነው። ከዳሩ የአጎቴ ቤት ጣሪያ አንድ ጊዜ ብልጭ አለብኝ። ያው ቆርቆሮ ነው። ማዶ የቤተ ክርስቲያኗ ዛፎች ክብ ሠርተው ቆመዋል፣ መሃላቸው ምንም አይንቀሳቀስም።

ሳላስበው ቀበቶዬን ፈትቼ ብድግ ብያለሁ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ነቃ። አስተናጋጇ ፈጥና መጣች። «እህቴ፣ የቀበቶው ምልክት አልጠፋም፤ ይቀመጡ። የወደቀብዎት ነገር አለ?»

«የለም» አልኳት። «ደጃችንን እያለፍን ነው።»

ግራ ገባት፤ ግን አልተቆጣችኝም፤ እስክቀመጥ ድረስ ቆማ ጠበቀችኝ። እኔም ግንባሬን መስኮቱ ላይ አድርጌ፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ እንዴት አደሩ አባባ አልኩ።